ሣሩ፣ ላሚቱ እና የልጆች ጥርስ

‹‹ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው›› የሚለውን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ትልልቆቹ ሲጋጩ ጉዳቱ ትንንሾቹ ላይ እንደሚያርፍ ለመግለጽ እንጠቀምበታለን። አባባሉ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ቃል በቃል የተፈጸመበት ዘመን ግን ነበረ። ዝሆኖቹ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ነበሩ፤ ሣሩም እውነተኛ ሣር ነበር። ሣሩን ላሚቱ በላችው፣ ወተቷን ልጆች ጠጡት፣ የዝሆኖቹ ጠብም በልጆች ጥርስ ውስጥ ተገኘ። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለዚህ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት አገለገልኩ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳችኝ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ናት። ሰሞኑን ስልክ ላይ ስለ ኑክሌር መሣሪያ የሚያስፈራ ነገር አይታ ‹‹እማማ፣ ቀዝቃዛው ጦርነት የሚባለው በረዶ ላይ የተደረገ ነው እንዴ?›› አለችኝ። ስቄ ሳልጨርስ ሁለተኛውን አስከተለች፤ ‹‹ያን ጊዜ እናንተ አትፈሩም ነበር?››

እናቷ ከወጥ ቤት ሆና ‹‹እማዬ፣ እባክሽ ልጅቷን እንዳታስፈራሪብኝ›› አለች። አልፈረድኩባትም፤ እናት ናት። እኔ ግን ከክትባት ክፍል የተማርኩት ሌላ ነው። መርፌ ከመወጋቱ በፊት ‹‹ምንም አያምህም›› የተባለ ልጅ፣ አንዴ ከተወጋ በኋላ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ይጮኻል። ‹‹ትንሽ ያምሃል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እናትህም እዚሁ ናት›› የተባለው ያለቅስ ይሆናል፤ ክንዱን ግን ይሰጣል። ስለ ጦርነት የሚጠይቅ ልጅም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ስለዚህ ለልጅቷ የነገርኳትን፣ ከአንድ ቀን በላይ የፈጀብንን ወሬ፣ ለእናንተም ላካፍላችሁ። የፈረንጆቹን ዘመን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛን ደግሞ በእኛው ነው።

ለእነሱ ቀዝቃዛ፣ ለሌላው ትኩስ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲካሄድ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአንድ ወገን ተሰልፈው ናዚ ጀርመንን ይወጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በተባሉ የጃፓን ከተሞች ላይ የአቶም ቦምብ ጣለች። አራት ዓመት ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ሶቪየትም የራሷን ሞከረች። ከዚያ በኋላ አንዱ አንድ ሲሠራ ሌላው ሁለት እየሠራ ሁለቱም ምድርን ሊያጠፋ የሚችል መሣሪያ አከማቹ።

ለልጅቷ ያስረዳኋት በቤት ነው። ሁለት የተኮራረፉ ጎረቤታሞች አሉ እንበል። ቤታቸው የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ጣራቸውም የተያያዘ ነው። አንዱ የሌላውን ቤት ቢያቃጥል የራሱም አብሮ ይነዳል። ስለዚህ አይተኳኮሱም፤ ግን አይተኙም። ጠዋት ማታ በግድግዳው ቀዳዳ ይሰላለላሉ። በሁለቱ መካከል ጥይት ስላልተተኮሰ ነው ጦርነቱ ‹‹ቀዝቃዛ›› የተባለው።

ቀዝቃዛነቱ ግን ለሁለቱ ብቻ ነበር፤ ጠባቸው በሌሎች አገሮች ሜዳ ላይ ይነድ ነበር። በኮሪያ ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ የእኛም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ዘምተዋል፤ በየተራው ከሄዱት ከስድስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከ120 የሚበልጡት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። በኋላም በኦጋዴን ጦርነት ያየነው ያው ነው። ሶቪየት ሶማሊያን ስታስታጥቅ፣ አሜሪካ እኛን ስታስታጥቅ ኖረው፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ቦታ ተለዋወጡ። መሣሪያው ከየትም ይምጣ፣ ከሁለቱም ወገን የሚወድቀው የእናት ልጅ ነበር። አባቶቻቸውን በዚያ ጦርነት ካጡ የእኛ ልጆች መካከል ከሁለት ሺህ የሚበልጡት ባሕር ተሻግረው ኩባ ውስጥ በአንዲት ደሴት ላይ ተምረው አድገዋል። ዛሬ እነሱም የልጅ ልጅ እያዩ ነው።

ሁለቱ ኃያላን ፊት ለፊት ሊላተሙ በጣም የተቃረቡት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1962 ነው። ሶቪየት ኩባ ውስጥ የኑክሌር ሚሳይል ማስቀመጧ ታወቀና ለአሥራ ሦስት ቀናት ዓለም ትንፋሹን ዋጠ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ መርከቦች ያስጨነቁት አንድ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ አዛዡ የኑክሌር ቶርፔዶ ሊተኩስ ደርሶ ነበር። ጦርነት የተጀመረ መስሎታል፤ ከሞስኮ ጋር መገናኘትም አይችልም። ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለ አብሮት የነበረ መኮንን ግን አልስማማም አለ፤ አዛዡን አረጋግቶም መርከቧ ወደ ላይ እንድትወጣ አደረገ። ‹‹በቃ፣ አንድ ሰው እምቢ ስላለ ነው?›› አለች የልጅ ልጄ። አዎ፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው እምቢ ስላለ ነው።

የወተት ጥርስ ለሳይንስ

እኛ ዘንድ የልጅ ጥርስ ሲወልቅ ጣራ ላይ ይወረወራል፤ አዲሱና ነጩ ቶሎ እንዲበቅል። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ በተባለች ከተማ ግን እ.ኤ.አ. ከ1958 መጨረሻ ጀምሮ እናቶች የልጆቻቸውን የወተት ጥርስ በፖስታ አሽገው ለሐኪሞች መላክ ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ኃያላን ቦምቦቻቸውን የሚሞክሩት አየር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ሶቪየት ያፈነዳችው ትልቁ ቦምብ ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ኃይል ነበረው። ከፍንዳታዎቹ የሚወጣው ብናኝ በንፋስ ተጉዞ፣ ከዝናብ ጋር ወርዶ፣ ቦምብ አይተው በማያውቁ አገሮች ሜዳ ላይ ያርፋል። በብናኙ ውስጥ ስትሮንቲየም 90 የተባለ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለ። ክፋቱ ካልሲየም መምሰሉ ነው። ሣሩ ከአፈሩ ይስበዋል፤ ላሚቱ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች፤ በወተቷ ይወጣል። የልጁ ሰውነት አጥንትና ጥርስ ለመሥራት ካልሲየም ሲፈልግ ስትሮንቲየሙንም አምኖ ያስገባዋል። ግማሹ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይፈጃል።

የአንዲት እናት ሕይወት ግማሹ ‹‹ወተትህን ጠጣ›› ስትል ነው የሚያልፈው። ያን ቃል የምትናገር እናት ወተቱ ውስጥ ምን እንዳለ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት አስቡት። የሴንት ሉዊስ እናቶች ጮኸው ብቻ አልቀሩም፤ መረጃ ሰበሰቡ። ሉዊዝ ራይስ የተባለች ሐኪም የምትመራው ቡድን ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ጥርሶቹን መዘገበ፣ መረመረ። በየትምህርት ቤቱና በየጥርስ ሐኪሙ ቤት ካርድ ታደለ፤ እናቶች በትርፍ ጊዜያቸው ቁጭ ብለው ለዩ፣ ጻፉ፣ ቆጠሩ። ጥርሱን ለላከ ልጅ ደግሞ ጥርሱን ለሳይንስ መስጠቱን የሚገልጽ ደረት ላይ የሚሰካ ምልክት ይላክለታል። በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ 320 ሺህ ያህል ጥርስ ተሰበሰበ።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ልጁ የተወለደበት ዓመት ወደዚህ በቀረበ ቁጥር በጥርሱ ውስጥ ያለው ስትሮንቲየም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተወለዱት ልጆች ጥርስ በ1950 ከተወለዱት ሃምሳ እጥፍ ያህል ይዞ ተገኘ። በዚህ መሐል፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1961 መጀመሪያ፣ ወደ 50 ሺህ የሚገመቱ አሜሪካውያት በስድሳ ከተሞች ሥራቸውንና ወጥ ቤታቸውን ትተው አደባባይ ወጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ሙከራውን ያቁሙ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 አሜሪካ፣ ሶቪየትና ብሪታኒያ በአየር፣ በሕዋና በውኃ ውስጥ የኑክሌር ሙከራ ላለማድረግ ሞስኮ ላይ ፈረሙ። ውሉ የተፈረመው በጥርስ ብቻ ነው አልልም፤ የኩባው ድንጋጤም ነበረበት፣ የፖለቲካ ስሌትም ነበረበት። ከውሉ በኋላ በተወለዱ ልጆች ጥርስ ውስጥ ግን ስትሮንቲየሙ እየቀነሰ መጣ። እኔን የሚገርመኝ መሣሪያ የሌላቸው ሰዎች ከልጆቻቸው አፍ በወጣ ነገር ኃያላኑን ማሳፈር መቻላቸው ነው።

ከጠላት አገር የመጣ ክትባት

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። በአገልግሎት ዘመኔ በስንት ሕፃን አፍ ውስጥ የፖሊዮ ጠብታ እንዳንጠባጠብኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ጉንጩን በሁለት ጣት ጫን፣ ሁለት ጠብታ፣ ካርዱ ላይ ምልክት፣ ቀጣይ። ይህች ጠብታ የቀዝቃዛው ጦርነት ልጅ መሆኗን የተረዳሁት ሥራ ከጀመርኩ ብዙ ቆይቼ ነው።

አልበርት ሳቢን የተወለደው ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረች ከተማ ነው፤ በወጣትነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1950ዎቹ በአፍ የሚሰጥ የፖሊዮ ክትባት ሠራ። ችግሩ አገሩ ውስጥ በስፋት የሚሞክርበት አለማግኘቱ ነበር፤ አሜሪካውያን ልጆች አብዛኞቹ የዮናስ ሳልክን የመርፌ ክትባት ወስደው ነበር። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ደግሞ የልጅነት ልምሻ እየተስፋፋ ነበር። ሚካይል ቹማኮቭ የተባለው የሶቪየት ሐኪምና ባለቤቱ ማሪና ቮሮሺሎቫ፣ እሷም ሳይንቲስት ናት፣ ከሳቢን ጋር ተገናኙ። ሳቢን የክትባቱን ዘር ሰጣቸው። ቹማኮቭ ራሱ በወጣትነቱ መዥገር በሚያስተላልፈው በሽታ ሲመራመር በበሽታው ተይዞ የመስማት ችሎታውንና የቀኝ እጁን ኃይል ያጣ ሰው ነው። አካል ጉዳት ምን እንደሆነ የሚነግረው ሌላ ሰው አያስፈልገውም ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ በሉልኝ። ክትባቱ ሕያው፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። ለሕዝብ ከመስጠታቸው በፊት ባልና ሚስቱ በስኳር ላይ አድርገው ለገዛ ወንዶች ልጆቻቸው ሰጧቸው። እናቲቱ ያን ስኳር በልጇ ምላስ ላይ ስታስቀምጥ እጇ ተንቀጥቅጦ ይሆን? እኔ እናትም ነርስም ሆኜ ሳስበው የእኔ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጆቹ ምንም አልሆኑም፤ አንደኛው አድጎ አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት የክትባት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሳይንቲስት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1959 ከአሥር ሚሊዮን በላይ የሶቪየት ልጆች ተከተቡ፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ቁጥሩ ከ70 ሚሊዮን አለፈ። አንዳንዱ ክትባት ለልጆች እንዲጥም በከረሜላ መልክ ተሠርቶ ነበር። የዚያ ውጤት ታይቶ አሜሪካም ክትባቱን ፈቀደች። ሁለቱ አገሮች ሚሳይላቸውን ተነጣጥረው በቆሙበት በዚያው ወቅት፣ የአንዱ ፈጠራ የሌላውን ልጆች እግር አቆመ።

ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ የተወለደው በ1956 ዓ.ም ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል በክረምት ትኩሳት ያዘው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀውና እናቴ እልል አለች። በአራተኛው ቀን ልታቆመው ስትሞክር ግራ እግሩ እንደ ጨርቅ ተጠቀለለ። ወጌሻ አሸው፣ ጠበል ተጠመቀ፣ በቅቤ ታሸ። የሄድንበት ክሊኒክ ያሉት ባለሙያ ‹‹የልጅነት ልምሻ ነው፤ መድኃኒት የለውም›› አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ወንድሜ በምርኩዝ ትምህርቱን ተማረ፣ ሰዓት ጠጋኝ ሆነ፣ ትዳር ያዘ። ሲናገርም ሲቀልድም እግሩን አያነሳም። እኔ ነርስ የሆንኩት በእሱ ምክንያት ነው ብዬ ነግሬው አላውቅም፤ ያውቀዋል።

አገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር የጀመረችው በ1972 ዓ.ም ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ጤና ጣቢያ ስመደብ ጠብታው ገና አዲስ ነበር። በበረዶ ጥቅል የተሞላውን ሣጥን በትከሻ፣ ሲርቅም በበቅሎ ይዘን እንሄዳለን፤ ክትባቱ ከሞቀ አይሠራም። ኮልድ ቼይን እንለዋለን። አንድ ቀን ወንድሜ ልጁን ታቅፎ መጣ። የመጀመሪያ ልጁ ናት። ጠብታውን ሳንጠባጥብላት ጠርሙሷን እያየ ‹‹እትዬ፣ ይቺው ናት?›› አለኝ። ይቺው ናት አልኩት። ‹‹መቼ ነው የተሠራችው?›› አለ። ‹‹አንተ ከመወለድህ በፊት›› አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ የልጁን ሁለት እግሮች በእጁ ያዘና ‹‹በቀጠሮዋ ቀን እኔው ራሴ ነኝ የማመጣት›› አለ። አንድም ቀጠሮ አላሳለፈም።

ብዙ ጊዜ የማነጻጽረው ነገር አለ። በኅዳር 1970 ዓ.ም ከሶቪየት ታንክና መድፍ የጫኑ አውሮፕላኖች ወደ እኛ ሲጎርፉ የፈጀባቸው ቀናት ናቸው። ጠብታዋ ግን ከሞስኮ ልጆች አፍ እስከ ወንድሜ ልጅ አፍ ለመድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደባት። በዓለም ላይ የነበረው የማድረስ አቅም ያው ነው፤ የተለየው ማንን ማን ለምን እንደቸኮለ ነው። ዛሬ አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2012 ዓ.ም ታውጇል። ዜናውን አብረን ስንሰማ ወንድሜ መነጽሩን አወለቀና ለረጅም ጊዜ ሲጠርግ ቆየ።

ፈንጣጣም፣ ስንዴውም

ፈንጣጣን ከምድር እናጥፋ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም ጤና ጉባኤ ያቀረበው ቪክቶር ዣዳኖቭ የተባለ የሶቪየት ምክትል ጤና ሚኒስትር ነው። ጉባኤው የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ ነበር! እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የተጠናከረውን ዘመቻ የመራው ደግሞ ዶናልድ ሄንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ሶቪየት ከአንድ ቢሊዮን በላይ የክትባት መጠን ለገሰች፤ አሜሪካ ሁለት ጥርስ ያላትን ቀላል መርፌ አበረከተች። እኛ አገር አሜሪካውያን የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር ተራራና በረሃ አቋርጠዋል። የመጨረሻው ታማሚ እኛ ዘንድ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም ነው። የዓለም የመጨረሻው የተፈጥሮ ፈንጣጣ ታማሚ ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ፤ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር፤ ዳነ። ወሩን ልብ አላችሁ? የታንክ ጭነት ወደ ቀጠናችን ሊጎርፍ አንድ ወር ሲቀረው፣ በዚያው ቀጠና፣ ሺህ ዘመናት ሰው ሲፈጅ የኖረ በሽታ አበቃ።

በ1977ቱ ድርቅ ደግሞ በዓይኔ አየሁ። ሰሜን ሸዋ አንድ የእርዳታ መጠለያ ተመድቤ ነበር። መኪና በማይደርስበት ደጋ የብሪታኒያ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ የስንዴ ጆንያ ይጥላሉ። ሜዳውን ቀድመው እየወረዱ የሚያስለቅቁትና ምልክት የሚያደርጉት የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። ፖላንድ የሶቪየት ወገን፣ ብሪታኒያ የአሜሪካ ወገን። በሌላ ቦታ ቢገናኙ የሚተኳኮሱ አብራሪዎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ይህን ሰው ነግሯቸው ኖሮ ‹‹ልጄ፣ እነዚህ የሚጣሉት አይደሉም እንዴ?›› ብለው ጠየቁኝ። ‹‹ናቸው አባቴ›› አልኳቸው። ‹‹ታዲያ እንዲህ መሥራት ከቻሉ ጠቡን ምን ያደርግላቸዋል?›› አሉ። የምመልስላቸው አልነበረኝም።

ሁለት የልብ ሐኪሞች

በሙያ አጋሮቼ የምኮራበትን አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1980 በርናርድ ላውን የተባለ አሜሪካዊና ዬቭጌኒ ቻዞቭ የተባለ ሶቪየታዊ፣ ሁለቱም የልብ ሐኪሞች፣ የኑክሌር ጦርነትን ለመከላከል የሚሠራ የሐኪሞች ማኅበር ከባልደረቦቻቸው ጋር መሠረቱ። ቻዞቭ የሶቪየት መሪዎች ሐኪም ነበር። ለሁለቱም መንግሥታት የተናገሩት ቀላል ነው፤ ‹‹ቦምቡ ከወደቀ በኋላ እኛን አትጠብቁን።›› ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ በወደቀ ቀን በከተማዋ ከነበሩት 1,780 ነርሶች 1,654ቱ ወይ ሞተዋል፣ ወይ መሥራት እስኪያቅታቸው ተጎድተዋል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሕክምና የሌለውን በሽታ ማድረግ የሚቻለው መከላከል ብቻ ነው፤ እንደ ልጅነት ልምሻው ማለት ነው።

ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱን ለመቀበል ኦስሎ ተገኝተው ጋዜጣዊ መግለጫ እየሰጡ ሳለ አንድ የሶቪየት ጋዜጠኛ ልቡ ቆሞ አዳራሹ ውስጥ ወደቀ። አሜሪካዊውና ሶቪየታዊው ሐኪሞች ከመድረክ ወርደው፣ ከሌሎች ጋር ተረዳድተው፣ ደረቱን እየተጫኑ ሕይወቱን አተረፉት። መግለጫው ሲቀጥል ከዚያ በላይ የሚናገሩት ምን ይኖራቸዋል?

ለልጆች ምን እንበላቸው?

ልጅቷ ‹‹አትፈሩም ነበር?›› ላለችኝ የመለስኩላት ይህን ነው። እንፈራ ነበር። የሚያስፈራ ነገር ነበርና። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓለም ላይ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ የኑክሌር አረር ነበር፤ ዛሬ ወደ 12 ሺህ ገደማ ወርዷል። የወረደው በራሱ አይደለም፤ ሰዎች ተነጋግረው፣ ፈርመው፣ ቆጥረው፣ አፍርሰው ነው። የቀረውም ቢሆን ብዙ ነው፤ ያዦቹም ዛሬ ዘጠኝ አገሮች ናቸው። ይህንንም አልደበቅኳትም።

እናንተም ልጅ ሲጠይቃችሁ ከሥራ ልምዴ የምመክረው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ምን እንደሰማ ጠይቁት፤ የሚያስፈራው እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ሊሆን ይችላል። የጠየቀውን ብቻ፣ በዕድሜው ልክ መልሱለት፤ የሰባት ዓመት ልጅ ‹‹እዚህ ይደርሳል?›› ሲል የሚጠይቀው ስለ ካርታ ሳይሆን ስለ እናንተ ነው፣ አጠገቡ መሆናችሁን ነው። ማታ ከመኝታ በፊት የጦርነት ምስል ከስልክ ላይ አይይ፤ የሚያምም ወሬ በቀን ብርሃን ይወራ። የማታውቁትን ‹‹አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ›› በሉት። አስፈሪውን ስትነግሩት ደግሞ እምቢ ያለውን መኮንን፣ ስኳር የሰጠችውን እናት፣ ጥርስ የቆጠሩትን ሴቶችም አብራችሁ ንገሩት። እነሱም የታሪኩ ግማሽ ናቸው፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ግን ብዙ ቦታ አይሰጣቸውም።

በመጨረሻም እንደ ነርስ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቤታችሁ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ ዛሬ ማታ የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ ተመልከቱት። የጎደለ ካለ ነገ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠላት የሆኑ ሁለት አገሮች ተስማምተው ያቆዩልን ነገር ነው፤ በእኛ ቸልተኝነት ሳጥን ውስጥ አይቅር።

ቸር ያሰማን።